ይዞ ስለሚቀር ፍሬን
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ መኪና ፍሬን ነው። መኪና የሌለው ሰው «እኔን ምን አገባኝ?» እንዳይል። መንገዳችን ቁልቁለት ነው፤ ልጆቻችንም የሚጫወቱት እዚያው ላይ ነው። ፍሬኑ የታመመ መኪና የባለቤቱ ብቻ ጣጣ አይደለም።

«ፍሬን አልይዝ አለ» ሲባል ሁላችንም እንደነግጣለን። ይዞ አልለቅ ሲል ግን «ይሄዳል እኮ!» ብለን እናልፈዋለን። አደጋው እዚህ ላይ ነው። ካሊፐር ማለት የፍሬን ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ የሚጨምቀው ክፍል ነው። ፔዳሉ ሲለቀቅ እሱም መልቀቅ አለበት። ካልለቀቀ ሸራው ሲፋጭ ይውላል፤ ሙቀቱም የፍሬን ዘይቱ ድረስ ይገባል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይችላል፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ዘይቱ ከፈላ ፔዳሉ ወለል ድረስ ሊሰምጥ ይችላል። ይዞ አልለቅ ያለው ፍሬን ጭራሽ አልይዝም አለ ማለት ነው።

እንግዲህ ምልክቱን እንወቅ። መኪናው ወደ አንድ ጎን ይጎትታል፣ የተቃጠለ ነገር ይሸታል፣ ነዳጅ ይበላል። ጥቂት ነድተን ስንቆም እጃችንን ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ እናስጠጋ፤ መንካት ግን የለም። አንዱ ለብቻው የሚፋጅ ከሆነ እሱን እንጠርጥር።

ከዚያ ለመካኒክ እንስጠው። መኪናው ሜዳ ላይ ታኮ ተደርጎለት በክሪክ ይነሳና ጎማው በእጅ ይዙር። አልዞር ካለ የካሊፐሩ የአየር ማስወጫ ቡሎን ይላላ። ወዲያው ከለቀቀ ዘይቱ ታምቆ ነበር ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ ውስጡ ያበጠ የጎማ ቱቦ ነው፣ ይለወጣል። ካልለቀቀ ችግሩ ካሊፐሩ ላይ ነው። የሚንሸራተትባቸው ፒኖች ደርቀው ከሆነ ይጠረጉና ሙቀት የሚችል የፍሬን ግራሶ ይቀቡ፤ ተራ ግራሶ ጎማዎቹን ያሳብጣል። ፒስተኑ ከተጣበቀ ይውጣ፤ በንጹህ የፍሬን ዘይት እንጂ በቤንዚን ወይም በናፍጣ አይታጠብ። ዘይት የሚይዘው ጎማና የአቧራ መከላከያው አዲስ ይሁኑ። ዝገት የቦረቦረውን ግን ፈግፍጎ መመለስ ራስን ማታለል ነው፤ ይለወጥ።

ሥራው ሲሠራ ካሊፐሩ በሽቦ ይታሰር እንጂ በቱቦው አይንጠልጠል። የሸራውን ብናኝ በአፍ መንፋት ለሳንባ ጠንቅ ነው። ሸራ ሲለወጥ ግራና ቀኙ አብሮ ይለወጥ። አየሩ ከወጣ በኋላም መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊት ፔዳሉ እስኪጠነክር ይረገጥ።

አደራ፣ ሸራ ብቻ ለውጦ «አለቀ» የሚለንን «ለመሆኑ ለምን ያዘ?» ብለን እንጠይቀው። መልሱን ሳናገኝ ቁልቁለቱን አንውረድ።



የማኅበሩ ጸሐፊ