የከዚራ ጥላና የባቡር ጨዋታ

ዛሬ የምወስዳችሁ ድሬዳዋ ነው። የደቻቱን ነገር፣ የታይዋንን ገበያ፣ የመጋላን ግርግር ለሌላ ቀን አቆየዋለሁ። የምንውለው አሮጌው ባቡር ጣቢያ አካባቢ ብቻ ነው፤ ምክንያቱም ድሬ በሄድኩ ቁጥር ልቤ የሚቀረው እዚያ ነው። ሕንፃው ያምራል፤ እሱ አያከራክርም። እኔን የያዘኝ ግን ጨዋታው ነው፤ የባቡር ሰዎች ጨዋታ።

ከጣቢያው ፊት ለፊት የሚጀምሩትን የከዚራ መንገዶች ታውቋቸዋላችሁ። ሰፊ ናቸው፤ በሁለቱም ጎን ትልልቅ ዛፎች ጥላቸውን ጥለውባቸዋል። ፀሐይዋ በረድ ስትል ከዛፎቹ ሥር ወንበር ይወጣል፣ ሻይ ይቀዳል፣ ጡረተኞቹም አንድ ሁለት እያሉ ይሰበሰባሉ። አንዱ ነጂ የነበረ ነው፤ ሌላው መካኒክ፤ ሌላው ትኬት ቆራጭ፤ ሌላው ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ በረሃ ለበረሃ ሐዲድ ሲጠግን የኖረ። በመሐላቸው ወጣቶችም አይጠፉም። ባቡር ላይ አንድ ቀን ሠርተው አያውቁም፤ ግን የአባታቸውን ጨዋታ እየሰሙ አድገው የባቡር ፍቅር ይዟቸው ቀርቷል። የሎኮሞቲቭ ፎቶ በስልካቸው ይሰበስባሉ፣ ቁጥሩን ይለዩታል፣ ሽማግሌዎቹን በጥያቄ ያፋጥጣሉ።

የሚወራው ስለ ትልቁ ታሪክ እንዳይመስላችሁ። ሐዲዱን ያስጀመሩት ምኒልክ፣ ኢልግና ሸፍኔ እዚያ ወንበር ላይ እምብዛም አይነሱም። የሚነሳው «ያቺ አልስቶም ሎኮሞቲቭ ኤረር ጣቢያ ላይ የቆመች ሌሊት ተረኛው ማን ነበር?» የሚል ነው። «እኔ ነበርኩ!» ይላል አንዱ። «አንተማ አይሻ ነበርክ!» ይለዋል ሌላው። «ወላሂ ኤረር ነበርኩ!» ክርክሩ በአማርኛ ይጀመርና በሶማሊኛ ይቀጥላል፤ ኦሮምኛ ይገባበታል፤ የሞተር ዕቃ ስም ሲመጣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ይሆናሉ። አንዱም ሲተረጉም ወይም ሲያስተረጉም አላየሁም። ይህን ባየሁ ቁጥር ደረቴ ይነፋል። እንዲህ ያለ ሰፈር ስንት አገር ውስጥ ይገኛል?

ታሪኩን ባጭሩ ላስታውሳችሁ፤ ዋናውን ታውቁታላችሁና። ዐፄ ምኒልክ የሐዲዱን ፈቃድ ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግና ለፈረንሳዊው ሌኦን ሸፍኔ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው ከጅቡቲ በ1890 ዓ.ም. ተጀመረ። ሐረር ከፍታው ላይ ስለሆነች ሐዲዱ ቆላውን ይዞ መጣ፤ በ1895 ዓ.ም. ዛሬ ድሬዳዋ የምንላት ቦታ ደረሰ፤ ከተማዋም ከሐዲዱ ጋር ተወለደች። መጀመሪያ አዲስ ሐረር ነበር የተባለችው። ገንዘብ አልቆ፣ ኩባንያው ከስሮ፣ ሌላ ተተክቶ፣ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባው ለገሃር ጣቢያ 784 ኪሎ ሜትር፤ ከባሕር ጠረፍ ተነስቶ ከ2300 ሜትር በላይ የሚወጣ መንገድ።

በዚያ ላይ ባቡሩ በእንፋሎት ዘመን ሌሊት አይሄድም ነበር። ጉዞው ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር፤ አንዱ አዳር ድሬዳዋ፣ አንዱ አዳር አዋሽ። የአዋሽ ቡፌን ያያችሁ ሰዎች፣ ያ በአበባ የተከበበ አሮጌ ሆቴል በዚያ በረሃ መሐል ምን ይሠራል ብላችሁ ከሆነ፣ መልሱ ይኸው ነው።

አስጎብኚያችን የነበሩት ሰው ጡረታ የወጡ መካኒክ ናቸው። መጀመሪያ እንደተገናኘን አንቱ ስላቸው «ምን አንቱ አንቱ ትላለህ አቦ! አንተ በለኝ!» አሉኝ። የድሬ ሰው እንዲህ ነው። እኔ ግን አላስቻለኝም፤ እስከ መጨረሻው አንቱ አልኳቸው። እሳቸውም እስከ መጨረሻው ተቆጡኝ።

ወደ ባቡሩ የጥገና ወርክሾፕ ይዘውን ገቡ። አድማጮቼ፣ ይህን ቦታ ያላየ ሰው ስለ ኢትዮጵያ የእጅ ሥራ ሙሉ ነገር አይቻለሁ አይበል። ከፍ ያለ ጣሪያ፣ ከላይ የሚገባ ብርሃን፣ በረድፍ የቆሙ የቶርኖ ማሽኖች፣ የብረት ማቅለጫው፣ ጎማቸው የወለቀ ፉርጎዎች። ዘይቱ ዛሬም ይሸታል። «ከፈረንሳይ ዕቃ እስኪመጣ ብንጠብቅ ባቡሩ ስንት ዘመን በቆመ!» አሉን። «የጠፋውን እዚሁ ለክተን፣ እዚሁ አቅልጠን፣ እዚሁ ቶርኖ ላይ ሠርተን እንገጥም ነበር።» አንድ ማሽን ላይ እጃቸውን አሳረፉና ዝም አሉ። ከዚያ እንደ ልጅ ስም አንድ በአንድ እየጠሩ ማን በየትኛው ማሽን ላይ ይሠራ እንደነበር ነገሩን። በአገራችን የሠራተኛ ማኅበር ታሪክ ሲነሳ ከቀዳሚዎቹ መካከል የእነዚህ የባቡር ሠራተኞች ስም መጠራቱ እዚህ ቆማችሁ ስታዩት አይገርማችሁም። አብሮ የሚሠራ፣ አብሮ የሚበላ፣ አብሮ የሚከራከር ሰው ነበር የሞላበት።

አሁን ወደ ሻዩ እንመለስ፤ ይህን ጉዞ የማልረሳው እዚያ በሰማሁት ታሪክ ምክንያት ነውና።

መካኒኩ አባታቸውም የባቡር ሰው ነበሩ፤ ነጂ። «ያኔ» አሉን «እያንዳንዱ ነጂ ጡሩንባውን የሚነፋበት የራሱ አነፋፍ ነበረው። አንዱ አንድ ረዥም፤ አንዱ ሁለት አጭርና አንድ ረዥም፤ አንዱ ደግሞ መጨረሻ ላይ ቀስ አድርጎ የሚለቃት። የአባቴን እኛ ቤት ውስጥ ሆነን እናውቃት ነበር። ባቡሩ በሽኒሌ በኩል ሲቃረብ ያቺ ድምፅ ትሰማለች፤ እናቴ ቡናውን ምጣድ ላይ ትጥላለች። እሱ በር ላይ ሲደርስ ቡናው ይፈላል። አንድም ቀን አሳስታ አታውቅም።»

ከዚያ አንድ ምሽት ባቡሩ መጣ፤ ጡሩንባውም ተነፋ። አነፋፉ ግን የሌላ ሰው ነው። የባቡሩን ድምፅ ያውቁታል፤ የአባትየው ሎኮሞቲቭ ናት። እጁ ግን የእሳቸው አይደለም። «እናቴ ምጣዱን ከእሳት ላይ አወረደች» አሉን። «ምንም አልተናገረችም። ነጠላዋን ብቻ አንስታ ወጣች። ስትወጣ ጎረቤቱ ሁሉ በር ላይ ቆሟል። ሁሉም ሰምቷል ማለት ነው።» ሰፈሩ በሙሉ ወደ ጣቢያው ነጎደ። ክርስቲያኑም፣ እስላሙም፣ ግሪካዊቷ ባለ ሱቅም። አልጋ ተሸክመው የሄዱም ነበሩ።

አባትየው አልሞቱም። መንገድ ላይ ወባ ጥሏቸው ፉርጎ ውስጥ ተኝተው ነው የመጡት፤ ባቡሩን ያስገባው ረዳታቸው ነበር። በዚያ ይዘውት በሄዱት አልጋ ተሸክመው ቤት አደረሷቸው። «ሲድን» አሉን መካኒኩ እየሳቁ «መጀመሪያ ያደረገው ረዳቱን ጠርቶ የራሱን አነፋፍ ማስተማር ነው። ሚስቴን ሁለተኛ እንዳታስደነግጣት ብሎ።»

እኔ ይህን ስሰማ ሻዬ ቀዝቅዞ ነበር። አንድ ሰፈር ሙሉ በአንድ ድምፅ ልዩነት ሲወጣ አስቡት! ስልክ በየቤቱ የለም፤ የነገራቸው ሰው የለም። ጆሯቸው ብቻ ነው። በዚያ ሐዲድ ላይ የሰማሁት ትልቁ ታሪክ ይህ ነው፤ ዛሬም ሳስበው ያው ስሜት ይሰማኛል።

ጨዋታው ሲሞቅ መስመሩን ሁሉ ጣቢያ በጣቢያ ይወርዱታል፤ አንዱ ይጀምራል፣ ሌላው ይቀበላል። ኤረር ሲደርሱ ብርቱካን ነው፤ በመስኮት የሚገባው ብርቱካንና መንደሪን ይነሳል። አይሻና አዲጋላ ላይ የግመል ወተት። ከጅቡቲ ሲመለሱ ደግሞ ኮንትሮባንድ የሚያመጡት ሴቶች ብልሃት፦ ሦስት አራት ቀሚስ ደራርባ ለብሳ ወፍራ የምትሳፈር ቀጭን ሴት፤ ባቡሩ ጣቢያ ሳይገባ በመስኮት የሚወረወረው ጥቅል፤ ታች ቆሞ የሚቀበለው ልጅ። ይህን የሚያወሩት አንዳቸውም ያንን ሥራ እንደ ነውር አይቆጥሩትም። ስንት ቤት በዚያ ጥቅል ቆሟል፣ ስንት ልጅ ተምሮበታል።

መተሐራ ሲደርሱ ሁሉም እኩል ይናገራል። በሰቃ ሐይቅ! ሐይቁ ዓመት ከዓመት እየሰፋ ሐዲዱን ሊውጥ ሲደርስ ድንጋይና አፈር እየደለደሉ መንገዱን ከፍ ያደረጉት ሰዎች እዚያ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። በዚያ በኩል በመኪና ያለፋችሁ ታውቁታላችሁ፤ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ውሃው፣ ከጀርባው ፈንታሌ ተራራ። እነሱ ያንን በባቡር ነው ያዩት፤ ግራና ቀኝ ውሃ፣ ከሥር የብረት ድምፅ፣ ንጋት ላይ ወፎቹ ሲነሱ። አንዱ «ጀልባ ላይ ያለሁ ይመስለኝ ነበር» አለ። እኔም በሌላ ቀን እዚያው ቆሜ አሮጌው መስመር የሄደበትን ሳይ ቃሉ ትዝ ብሎኝ ወደ መኪናው ቶሎ መግባት አቅቶኛል።

አዋሽ ላይ ግን ጨዋታው ይረግባል። በጥር 1977 ዓ.ም. እዚያ አጠገብ ከሐዲዱ ወጥቶ ገደል የገባው ባቡር ከ400 በላይ ሰው ፈጅቷል። ያንን ቀን የሚያስታውሱት ብዙ አይናገሩም። አንዱ ነፍስ ይማር ይላል፤ ሁሉም አሜን ይላሉ፤ ሻይ ይቀዳል፤ ወደ ናዝሬት ያልፋሉ።

ከአውሮፓ የሚመጡ የባቡር ወዳጆችም እዚህ ጥላ ሥር ይገኛሉ። ካሜራና ማስታወሻ ደብተር ይዘው ይመጣሉ፤ እያንዳንዷ ሎኮሞቲቭ የት እንደተሠራች፣ ጣሊያኖች በያዙን ዘመን የመጣችው የፊያት ሊቶሪና ስንት ሰው እንደምትጭን ይጠይቃሉ። ደስ የሚለኝ ሁለቱ ሲገናኙ ነው። እንግዳው የፋብሪካውን ቁጥር ያውቃል፤ ሽማግሌው ጠባይዋን ያውቃል። «ይቺ ጠዋት ቶሎ አትነሳም፤ ከተነሳች ግን አታቆማትም» ይለዋል በፈረንሳይኛ። እንግዳው ይጽፋል። ስለ ሐዲዱ ስፋትም ይወራል፤ አሮጌው አንድ ሜትር ነው፣ አዲሱ 1 ሜትር ከ43.5 ሴንቲሜትር። ስለዚህ እነዚህ ፉርጎዎች በአዲሱ መስመር ላይ መሄድ አይችሉም። ከሐዲዱ ሥር የተጋደመው ለምን ብረት ሆነ ብሎ ለሚጠይቅ ወጣትም መልስ አለ፦ እንጨቱን ምስጥ ይበላዋል።

አሮጌው ባቡር ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ መመላለስ ያቆመው በ2000 ዓ.ም. ገደማ ነው። በ2009 ዓ.ም. መስከረም የተመረቀው በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡር ከከተማው ወጣ ብሎ ይቆማል። ሽማግሌዎቹ በአዲሱ ይኮራሉ፤ ልጆቻቸው እዚያ ቢቀጠሩ ይወዳሉ። እኔም እኮራለሁ። ግን አዲሱ ስለመጣ አሮጌው ዝገት ይብላው የሚል ሰው ካለ አልስማማም፤ ፈጽሞ አልስማማም። ያ ወርክሾፕ ሙሉ ሙዚየም መሆን አለበት፤ ያውም ዛሬ፣ ማሽኖቹን በእጃቸው የሚያውቁ ሰዎች በሕይወት እያሉ። አስጎብኚዎቹ እነሱ ይሁኑ። ደመወዝ ይከፈላቸው። ቶርኖው እንደገና ይዙር፤ የቴክኒክ ተማሪዎች ይምጡና ይዩ።

እናንተም አድማጮቼ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ከድሬዳዋ፣ ከአዋሽ፣ ከናዝሬት፣ ከሞጆ፣ ከአቃቂ የምትሰሙኝ፣ ውጭ አገርም ያላችሁ፤ ቤታችሁ ውስጥ ባቡር ላይ የሠሩ አባት፣ አጎት ወይም አያት ካሉ ስልካችሁን አውጡና ጨዋታቸውን ቅዱ። ትልቅ ታሪክ አትጠይቋቸው። ምሳ ምን ይበሉ እንደነበር፣ ማን ያስቃቸው እንደነበር፣ ጡሩንባውን እንዴት ይነፉ እንደነበር ጠይቁ። ከተቻለም በአፋቸው ያሰሟችሁ። የቀዳችሁትን ላኩልን፤ በዚሁ ዝግጅት ላይ እናሰማዋለን።