ስም እየተሰረዘ ዝርዝር ሲነበብ



ወደ ላሊበላ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጓዝ እንግዳ አብያተ ክርስቲያናቱ ዐሥራ አንድ መሆናቸውን አስቀድሞ ሰምቶ ይሄዳል። ከዮርዳኖስ በስተ ሰሜን ቤተ መድኃኔ ዓለም፣ ቤተ ማርያም፣ ቤተ መስቀል፣ ቤተ ደናግልና ቤተ ጎልጎታ ሚካኤል፤ በስተ ደቡብ ቤተ አማኑኤል፣ ቤተ መርቆሬዎስ፣ ቤተ አባ ሊባኖስ፣ ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤልና ቤተ ልሔም፤ ከሁሉም ተለይቶ ደግሞ ቤተ ጊዮርጊስ ይገኛሉ። ነገር ግን ይህን ዝርዝር በቃሉ ያጠና ሰው ብቻውን ቢነሣ ብዙ ሳይራመድ መንገዱ ይጠፋዋል። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያደርሱት ከዓለት የተፈለፈሉ ቦዮችና ጨለማ ዋሻዎች ናቸውና። መንገዱን የሚያውቀው አስጎብኚው ነው። እንግዳው ከአስጎብኚው የሚፈልገው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም «የቀረ አለ?» ብሎ መጠየቅና «ወደሚቀጥለው እንሂድ» ማለት ነው።

በኦብጀክት ተኮር የፕሮግራም አጻጻፍ ኢተሬተር የሚባለው ከዚህ አስጎብኚ የተለየ ሥራ የለውም። በአማርኛ ምን ተብሎ ይጠራ የሚለው ገና ያልተቋጨ ጉዳይ ነው፤ የአውቶቡስ ተራ የሚያውቀው «ተራ አስከባሪ» የሚለው ስም ግን ከብዙዎቹ የመዝገበ ቃላት ሙከራዎች ይልቅ ለሥራው ይቀርባል። ዝርዝሩ በውስጡ ጎን ለጎን የተደረደረ ይሁን ወይም እያንዳንዱ ክፍል የጎረቤቱን አድራሻ ብቻ ይዞ የተቀጣጠለ ይሁን፣ ተጠቃሚው ሊያውቀው አይገባም። ሐሳቡ በቋንቋ ደረጃ ቅርጽ ያገኘው ባርባራ ሊስኮቭ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ከተማሪዎቻቸው ጋር በሠሩት ሲ.ኤል.ዩ. በተባለው ቋንቋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ደግሞ ጋማ፣ ሄልም፣ ጆንሰንና ቭሊሲደስ ስለ ንድፍ አብነቶች ባሳተሙት መጽሐፍ ውስጥ ራሱን የቻለ ክፍል ተሰጥቶታል።

ዝርዝሩ ጸጥ ብሎ እስከተቀመጠ ድረስ ይህ ሁሉ ያለ ችግር ይሄዳል። ችግሩ የሚመጣው ዝርዝሩ እየተነበበ ሲለወጥ ነው።

ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ከላስታ መራቅ አያስፈልግም። በ1997 ዓ.ም. የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ከተጀመረ ወዲህ የሰሜን ወሎ ደጋማ ቀበሌዎች የተረጂዎችን ስም ዝርዝር ሲያዘጋጁና በየጊዜው ሲያድሱ ኖረዋል። መሥራት የሚችለው በማኅበረሰብ ሥራ ተሳትፎ፣ የማይችለው በቀጥታ ድጋፍ ይታቀፋል፤ ኑሮው የተሻሻለለት «ተመርቆ» ይወጣል፤ ዝርዝሩም ለሕዝብ ይገለጻል። ስሙ የተነበበለትና ስሙ ሳይነበብ የቀረው ቤተሰብ ልዩነታቸው የወራት እህል ነው።

እንበልና አንድ ፕሮግራመር የአንድ ቀበሌን ዝርዝር በኮምፒዩተር እንዲያዘጋጅ ታዘዘ። ሥራው ሁለት ነው፤ እያንዳንዱን ቤተሰብ እያነበበ ድርሻውን እንዲጽፍለት፣ የተመረቀውን ደግሞ እግረ መንገዱን እንዲሰርዝ። ስድስት ቤተሰቦች አሉ፦ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ። ኮምፒዩተር ከዜሮ ስለሚቈጥር ሀ በ0፣ ረ በ5 ተመዝግበዋል። ሐ ተመርቋል እንበል። ፕሮግራሙ 0 ላይ ለሀ ጻፈ፤ 1 ላይ ለለ ጻፈ፤ 2 ላይ ሐን አግኝቶ ሰረዘ። በዚህች ቅጽበት ዝርዝሩ ክፍተቱን ለመዝጋት ይሰበሰባል፤ መ ከ3 ወደ 2፣ ሠ ከ4 ወደ 3 ይወርዳሉ። ፕሮግራሙ ግን ይህን ሳያይ ቍጥሩን ወደ 3 ከፍ ያደርግና ሠን ያነባል። መ አልተነበበችም። አልተመረቀችም፤ አልተሰረዘችም፤ በዝርዝሩ ላይ ስሟ ዛሬም አለ፤ ድርሻ ግን አልተጻፈላትም። ጥፋቷ ቢኖር ከተመረቀ ጎረቤት ቀጥሎ መመዝገቧ ብቻ ነው። መ ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግርጌ ተነሥታ በእግሯ የምትመጣ እማወራ ብትሆን፣ ስሕተቱ መኖሩ የሚታወቀው ባዶ ጆንያዋን ይዛ ከክፍያው ቦታ ስትቆም ነው።

ከሁሉ የከፋው ዝምታው ነው። በፓይተን ቋንቋ ዝርዝርን በ«ፎር» እያነበቡ ከዚያው ከዝርዝሩ መሰረዝ ልክ ከላይ የተገለጸውን ውጤት ያስከትላል፤ ማስጠንቀቂያም አይሰጥም። ወረቀቱ ታትሞ ይወጣል፤ ድምሩም ለዐይን ደኅና ይመስላል።

የጃቫ ቋንቋ ሠሪዎች ለዚህ ዝምታ መድኃኒት ፈልገዋል። እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው የመጀመሪያው ጃቫ የነበረው ኢኑመሬሽን የሚባለው መሣሪያ ማንበብ እንጂ መሰረዝ አይችልም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 ጃቫ 1.2 ሲወጣ ኢተሬተር ተተካ፤ የራሱ የመሰረዣ ትእዛዝም ተሰጠው። ከዚህ ጋር ዝርዝሩ ስንት ጊዜ እንደተለወጠ የሚቈጥር መቍጠሪያ ተበጀለት። ኢተሬተሩ ጉዞ ሲጀምር ቍጥሩን ይይዛል፤ ወደሚቀጥለው ከመሻገሩ በፊትም ያመሳክራል። ሌላ እጅ ገብቶ ዝርዝሩን ለውጦ ከሆነ ሥራውን አቋርጦ ይጮኻል። ይህ ትልቅ ርምጃ ነው፤ የሐ ስረዛ በጃቫ ቢደረግ ኖሮ የመ መዘለል በዚያው ይጋለጥ ነበር።

ሆኖም ጩኸቱን ሙሉ በሙሉ የተማመነ ሰው ይሳሳታል። ከሐ ይልቅ የተመረቀው ሠ ነው እንበል። ኢተሬተሩ ሠን አንብቦ ጠቋሚው 5 ላይ ቆሟል። ፕሮግራመሩ በኢተሬተሩ ሳይሆን በቀጥታ ከዝርዝሩ ሠን ሰረዘ፤ የዝርዝሩም ብዛት ከስድስት ወደ አምስት ወረደ። አሁን «የቀረ አለ?» ተብሎ ሲጠየቅ ኢተሬተሩ የሚያመዛዝነው ጠቋሚውን ከብዛቱ ጋር ብቻ ነው፤ አምስት ከአምስት እኩል ስለሆነ «የለም» ይላል። የለውጡ መቍጠሪያ የሚመረመረው ወደሚቀጥለው ሲኬድ ነው፤ ወደዚያ ግን ከቶ አልተደረሰም። ረ ሳትነበብ ሥራው በሰላም ተፈጸመ ይባላል። ከመጨረሻው አንድ የሚቀድመውን ስም መሰረዝ እንዲህ በጸጥታ ማለፉ በአረይ ሊስት ላይ በተግባር የሚታይ ነው፤ የቋንቋው መግለጫም ራሱ ይህ ምርመራ የተቻለውን ያህል የሚደረግ እንጂ ዋስትና አለመሆኑን ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ2004 በጃቫ 5 የመጣው አጭሩ «ፎር» ደግሞ ኢተሬተሩን ከዐይን ስለሰወረው፣ ብዙ ጀማሪዎች በመካከል የቆመ አስጎብኚ መኖሩን እንኳ ሳያውቁ ከበስተኋላው ቦዩን ይደፍኑበታል።

በሲ ፕላስ ፕላስ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ቬክተር በሚባለው ጎን ለጎን በተደረደረው ዝርዝር ላይ አንድ ስም ከተሰረዘ፣ ከዚያ ቦታ ጀምሮ ያሉት ኢተሬተሮች ሁሉ ዋጋ ያጣሉ። በተቀጣጠለው ሊስት ግን ዋጋ የሚያጣው በተሰረዘው ላይ የቆመው ብቻ ነው። ስለሆነም የመሰረዣው ትእዛዝ ቀጣዩን ቦታ የሚያመለክት አዲስ ኢተሬተር ይመልሳል፤ ፕሮግራመሩም እርሱን ተቀብሎ መቀጠል አለበት። ባይቀበልና በአሮጌው ቢቀጥል ምን እንደሚሆን ቋንቋው ራሱ አይናገርም፤ ጩኸትም ዝምታም ሊሆን ይችላል።

መፍትሔዎቹ ታዲያ ብዙዎች ናቸው፤ እኩል ግን አይደሉም። ከኋላ ወደ ፊት ማንበብ አንዱ ነው፤ ሲሰረዝ የሚንሸራተቱት አስቀድሞ የተነበቡት ብቻ ስለሆኑ ማንም አይዘለልም። ብልሃቱ ትክክል ቢሆንም፣ ከዓመት በኋላ ፕሮግራሙን የሚረከብ ሰው ምክንያቱ ካልተጻፈለት «ለምን ከኋላ?» ብሎ ሊገለብጠው ይችላል። በኢተሬተሩ በራሱ መሰረዝ ከዚህ ይሻላል፤ አስጎብኚው የሆነውን ስለሚያውቅ ርምጃውን ያስተካክላል። በጃቫ ሊስት ኢተሬተር የሚባለው መጨመርና መተካትም ይችላል፤ ጠቋሚው የሚቆመውም በሁለት ስሞች መካከል እንጂ በአንዱ ስም ላይ አይደለም። በሌላ አነጋገር አስጎብኚው ያለው በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ሳይሆን በቦዩ ውስጥ ነው፤ ይህን የተረዳ ሰው «የተጨመረው ስም ይነበባል ወይስ አይነበብም?» ለሚለው ጥያቄ መልሱን ሳይቸገር ያገኛል። ዝርዝሩ ኢተሬተሮቹን ሁሉ መዝግቦ ለውጥ ሲደርስ የሚያሳውቅበት ጽኑ ኢተሬተርም አለ፤ አራቱ ደራስያን በመጽሐፋቸው ጠቅሰውታል፤ ለቀበሌ መዝገብ ግን ከሥራው ይልቅ መሣሪያው ይከብዳል።

የሰው ኑሮ ለተጻፈበት ዝርዝር ከሁሉ የሚመረጠው ሁለቱን ሥራዎች መለየት ነው። በመጀመሪያው ጉዞ ማንንም ሳይሰርዙ ሁሉን ማንበብ፣ ድርሻ ለሚገባው መጻፍ፣ በተመረቀው ላይ ምልክት ማድረግ። በሁለተኛው ጉዞ ምልክት የሌላቸውን ወደ አዲስ ዝርዝር መገልበጥና አሮጌውን ሳይነኩ ማስቀመጥ። ጊዜና ማኅደረ ትውስታ ያባክናል የሚል ክርክር ይነሣል፤ ለጥቂት ሺህ ስሞች የሚባክነው ጊዜ ግን በሰው ዐይን አይታይም። አሮጌው ዝርዝር መቀመጡም ሌላ ጥቅም አለው፤ ቅሬታ ያቀረበች እማወራ ስሟ መቼና በማን ውሳኔ እንደወጣ ማየት ይቻላል።

ወረቀቱ ከመታተሙ በፊትም አንዲት መስመር ትበቃለች፦ ድርሻ የተጻፈላቸውና ምልክት የተደረገባቸው ቤተሰቦች ተደምረው፣ ከመነሻው ከተመዘገቡት ጋር ይነጻጸሩ። በላይኛው ምሳሌ መነሻው ስድስት ነበር፤ የተጻፈላቸው አራት፣ የተሰረዘው አንድ። ልዩነቷ መ ናት።