ስለ ጥንድ ግራፊክስ ካርድና ስለ ኃይል አቅራቢው



ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ነገር ላይ ላዩን ሲሰሙት የልጆች ጉዳይ ይመስላል፤ ዳሩ ግን ገንዘቡ ከወላጅ ኪስ የሚወጣ ስለ ሆነ ጉዳዩም የወላጅ ነው። የኮምፒዩተር ጨዋታ የሚወድ ወጣት፣ የጨዋታውን ምስል የሚሠራለት ግራፊክስ ካርድ አንድ መሆኑ አይበቃውም፤ ሁለት ሆኖ ጎን ለጎን ቢገጠምልኝ፣ ሁለቱን የሚመግብ ፓወር ሰፕላይም ቢገዛልኝ እያለ ይመኛል። በወር ደመወዝ የሚተዳደር ሰው ይህን ልመና ሲሰማ፣ በቁጣ እንቢ ወይም በፍቅር እሺ ከማለቱ በፊት ነገሩን መርምሮ ሊፈርድ ይገባዋል።

ሁለት ካርድ ማጣመር ከንቱ ሐሳብ ሆኖ የተነሣ አይደለም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1998 ስሪዲኤፍኤክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ቩዱ 2 የሚባለውን ካርድ ባወጣ ጊዜ፣ ሁለት ካርዶች ሥራውን በመሥመር ይካፈሉ ነበር፤ ይኸውም አንዱ የምስሉን ጎዶሎ ቁጥር መሥመሮች ሲሠራ ሌላው ሙሉ ቁጥሮቹን ይሠራ ነበር። ከዚያም በኋላ ኤንቪዲያ በ2004 ኤስኤልአይ፣ ኤቲአይም በ2005 ክሮስፋየር በሚል ስም የማጣመሩን ሥራ ቀጠሉበት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ተረት ለሚያውቅ ሰው፣ ሁለት ከአንድ ይበልጣል ማለት እውነት መስሎ መታየቱ አያስደንቅም።

ነገር ግን ማበር ራሱን የቻለ ችግር አለው። በኋለኛው ዘዴ አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ካርድ 1ኛውንና 3ኛውን ምስል፣ ሌላው 2ኛውንና 4ኛውን ይሠራል። በአንድ ቀንበር የተጠመዱ በሬዎች አንዱ ፈጥኖ አንዱ ሲዘገይ ትልሙ እንደሚጣመም፣ ምስሎቹም እኩል ጊዜ ጠብቀው ካልወጡ ቁጥራቸው ቢበዛም ዓይን መንቀጥቀጣቸውን ያያል። ሁለተኛም የካርዶቹ ማስታወሻ አይደመርም። ባለ 4 ጊጋባይት ካርድ ሁለት ቢሆን፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት ነገር መያዝ ስላለባቸው ጨዋታው የሚያገኘው ያው 4 ጊጋባይት ነው እንጂ 8 አይደለም። ሦስተኛም በአንድ ሣጥን ውስጥ ተጠጋግተው ሲሠሩ የላይኛው ካርድ የታችኛውን ትኩስ አየር ስለሚስብ ይግላል፤ ማራገቢያውም ይጮኻል።

ከሁሉም የሚብሰው ደግሞ ጊዜው ማለፉ ነው። ሁለት ካርድ የሚረዳው ጨዋታው ለሁለት ካርድ ተብሎ ሲዘጋጅ ብቻ ነው። በ2019 የወጣው የኤኤምዲ አርኤክስ 5700 ክሮስፋየርን አይቀበልም። ኤንቪዲያም ከ2021 መጀመሪያ አንሥቶ ለጨዋታዎች አዲስ የኤስኤልአይ ማስተካከያ መጨመሩን አቁሟል፤ በ2022 ያወጣው አርቲኤክስ 4090 ሁለት ካርድ የሚያገናኘው መጋጠሚያ ጭራሽ የለውም። እንግዲህ ዛሬ ለጨዋታ ሲባል ሁለተኛ ካርድ የሚገዛ ሰው፣ በብዙ ጨዋታ ሥራ ፈትቶ የሚቀመጥ ዕቃ ይገዛል። ያገለገለ ካርድ በርካሽ ተገኘ ተብሎ ቢቀርብም፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንደሚባለው ነው።

አሁን ወደ ኃይል አቅራቢው፣ ማለት ወደ ፓወር ሰፕላዩ እንለፍ። ስንት ዋት እንደሚያስፈልግ ለማወቅ እርሳስና ወረቀት ይበቃል። በ2016 የወጣውን ጂቲኤክስ 1080 ለምሳሌ ብንወስድ አንዱ 180 ዋት፣ ሁለቱ 360 ዋት ይፈልጋሉ። 91 ዋት የሚል ፕሮሰሰር ስንጨምር 451 ይሆናል። ለማዘርቦርዱ፣ ለዲስኩና ለማራገቢያዎቹ 75 ብንመድብ ድምሩ 526 ዋት ነው። ካርዶች ለቅጽበት ከተጻፈላቸው በላይ ስለሚስቡ የድምሩን ሢሶ መጠባበቂያ ብናደርግለት 700 ዋት ግድም እንደርሳለን። በአንድ ካርድ ግን ይኸው ሒሳብ 460 ዋት ግድም ስለሚሆን ባለ 500 ዋት ይበቃል። ስለዚህ ሁለተኛው ካርድ የራሱን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የትልቅ ፓወር ሰፕላይንና በየወሩም የመብራትን ሒሳብ ያስከትላል።

ደግሞም በሣጥኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ቁጥር ብቻ አትመኑ። በጎኑ ካለው ሠንጠረዥ 12 ቮልት የሚለውን ፈልጋችሁ ከሥሩ ያለውን አምፔር በ12 አባዙ፤ ፕሮሰሰሩና ካርዱ በብዛት የሚመገቡት ከዚያ ነውና። 750 ዋት የሚል ዕቃ 62 አምፔር ቢኖረው 744 ዋት ስለሚሰጥ ቃሉን ጠብቋል። 38 አምፔር ብቻ ቢኖረው ግን 456 ዋት ነውና ስሙና ግብሩ አልተገናኙም። 80 ፕላስ የሚለው ምልክትም የሚመሰክረው ከግድግዳ ከሚወስደው ኃይል ምን ያህሉ ሳይባክን ለኮምፒዩተሩ እንደሚደርስ ነው እንጂ ስለ ደኅንነቱ አይደለም። ስለ ሆነም ከልክ ያለፈ ኃይልና የሽቦ መነካካት ሲያጋጥመው ራሱን የሚያጠፋ መሆኑን ሳትጠይቁ አትግዙ። ለካርዱ የሚሄደው ሽቦም ከፓወር ሰፕላዩ ጋር የመጣው ይሁን፤ ባለ 8 እግሩ መሰኪያ እስከ 150 ዋት እንዲያሳልፍ የተወሰነ ስለ ሆነ፣ ለዲስክ የተሠራውን ቀጭን ሽቦ በመቀጠያ አስረዝሞ ለካርድ ማድረግ ሽቦውን ለመቃጠል ያጋልጠዋል። መብራት ጠፍቶ በድንገት በሚመለስበት ቤት ደግሞ በርካሽ ዕቃ መድፈር ካርዱን፣ ማዘርቦርዱንና ዲስኩን አብሮ ማስያዝ ነው።

በሁለት ካርድ የሚጠቀም ሰው የለም ማለቴ ግን አይደለም። በብሌንደር የሥዕል ፊልም የሚሠራ፣ ወይም የሰው ሠራሽ አስተውሎትን ሒሳብ የሚያስኬድ ሰው፣ እያንዳንዱ ካርድ የየራሱን ድርሻ ስለሚሠራለት ድካሙን ያሳጥርለታል። ለጨዋታ ግን አንድ ደኅና ካርድና አንድ እውነተኛ ፓወር ሰፕላይ ይሻላሉ። የቤታችሁ መስኮት በሰከንድ 60 ምስል ብቻ የሚያሳይ ከሆነም፣ ከዚያ በላይ የሚሠራው ምስል ሁሉ ለዓይን እንደማይደርስ አስቡ።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁን አጠገባችሁ አስቀምጡና ይህን ድምር በገዛ እጁ አስደምሩት። ካርዱ ከጥቂት ዓመት በኋላ ያረጃል፤ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ማስላትን የለመደ ልጅ ግን ነገ የራሱን ደመወዝ ሲቀበል ይጠቀምበታል።