የአያትን ስምና አገር ስለ መፈለግ
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሩቅ አገር ሰዎች ነው፤ ነገሩ ግን እኛንም ይነካል። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የአየርላንድ ድሃ ሕዝብ የሚበላው ድንች ነበር። በ1845 ድንቹን በሽታ መታው፤ እስከ 1852 ድረስ ረሃብ ሆነ። አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ደግሞ በመርከብ ተሰደደ፤ አብዛኛው አሜሪካ ገባ። ዛሬ የነዚያ ስደተኞች የልጅ ልጆች «የኛ ሰዎች ከየትኛው መንደር ወጡ?» እያሉ ይፈልጋሉ።

ፍለጋው ቀላል አይደለም። አንደኛ፣ ብዙው የመርከብ መዝገብ «አየርላንድ» ብሎ ይተዋል እንጂ መንደር አይጠቅስም። ሁለተኛ፣ መዝገቡ ጠፍቷል። በ1922 በእርስ በርስ ጦርነት ደብሊን የነበረው የመዛግብት ቤት ተቃጠለ፤ ከ1821 እስከ 1851 የተደረጉት የሕዝብ ቆጠራዎች በአብዛኛው አመድ ሆኑ። የ1881ንና የ1891ን ቆጠራ ያጠፋው ግን እሳት አይደለም፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወረቀት ቢያጥር መንግሥት ራሱ አስፈጨው።

ታዲያ ፈላጊው ምን ያደርጋል? ከቤቱ ይጀምራል፤ ሽማግሌና አሮጊት ይጠይቃል። ከዚያ የቤተ ክርስቲያን የጥምቀትና የጋብቻ መዝገብ ያያል። ከ1847 እስከ 1864 መሬት ለግብር ሲገመት የባለይዞታው ስም በየመንደሩ ተጽፏልና እሱም ይረዳል። ቦስተን ይታተም የነበረው «ፓይለት» ጋዜጣም ከ1831 ጀምሮ የጠፋ ዘመድ ማፈላለጊያ ያወጣ ነበር። ወንድም ወንድሙን ሲፈልግ ያስጻፈው የመንደር ስም ዛሬ ለልጅ ልጅ መረጃ ሆኗል።

ስም ብቻ ይዞ መሮጥ ግን ያሳስታል። በጃንዋሪ 1 ቀን 1892 ኒው ዮርክ ወደብ ኤሊስ ደሴት ላይ የስደተኛ መቀበያው ሲከፈት መጀመሪያ የገባችው አኒ ሙር የምትባል የኮርክ ልጅ ነበረች። ለብዙ ዓመት ቴክሳስ የሞተች ሌላ አኒ ሙር «እሷ ናት» ሲባል ኖረ። በ2006 መዝገብ ሲመረመር ያቺኛዋ እዚያው አሜሪካ፣ ኢሊኖይ የተወለደች ሆና ተገኘች። እውነተኛዋ ኒው ዮርክ ኖራ በ1924 ሞታ፣ ምልክት በሌለው መቃብር ተኝታ ነበር። ድንጋይ የቆመላት በ2008 ነው።

እኛስ? እስከ ሰባት ቤት እንቆጥራለን እንላለን፤ የሚቆጥሩልን ግን ሽማግሌዎች ናቸው። እኔ ራሴ የአባቴን ቅድመ አያት ስም አላውቅም። አክስቴ ታውቅ ነበር፤ ዛሬ ነገ ስል ሳልጠይቃት አረፈች። ከሰፈራችንም ስንቱ ልጅ ባሕር ማዶ አለ፤ ነገ ልጆቹ ሲጠይቁ ምን ሊላቸው ነው?

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህን ነው። በየቤቱ አንድ ደብተር ይገዛ። የአባት፣ የአያት፣ የቅድመ አያት ስም፣ የትውልድ መንደራቸውና ወረዳቸው፣ ቤተ ክርስቲያናቸው ወይም መስጊዳቸው ይጻፍ። የክርስትና ስምም አይረሳ፤ የሴቶቹም ወገን አይቅር። ሁለት ቅጂ ይሁን፤ አንዱ ለልጆች ይላክ፣ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይተርፋል። መጻፍ የሚያስቸግረው ካለ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ጽሕፈት ቤታችን ይምጣ፤ እሱ ይናገር፣ እኔ እጽፋለሁ።