መድኃኒታችንን አንደብቅ
(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንነግራችሁ በራሳችን መካከል የደረሰውን ነው። ከአባሎቻችን አንዷ ለድብርት ፍሎክሰቲን ትወስድ ነበር። «አእምሮዋን አሟታል» እንዳትባል ፈርታ ከእኛም ደብቃው ነበር። ወገቧን ሲያማት ወደ አንድ ክሊኒክ ሄደች። ሌላ መድኃኒት ትወስድ እንደሆነ የጠየቃት የለም፤ እሷም አልተናገረችም። ትራማዶል ታዘዘላት።

በዚያው ሌሊት ላብ አጠመቃት፣ ተንቀጠቀጠች፣ ተቅማጥ ያዛት፣ አንድ ቦታ መቀመጥ አቃታት። ከፊላችን «ወባ ነው»፣ ከፊላችን «ታይፎይድ ነው» አልን። «ጠበል እንውሰዳት» ያልንም ነበርን። ሆስፒታል ስንደርስ ተረኛዋ ሐኪም ውስጥ እግሯን ወደ ላይ ገፋ አድርጋ ስትይዘው፣ እግሯ በራሱ ቶሎ ቶሎ ይመታ ጀመር። «ምን መድኃኒት ትወስዳለች?» ብላ ጠየቀችን። ሁላችንም ዝም አልን። ቦርሳዋን በእጇ ያመለከተችው ራሷ በሽተኛዋ ናት።

ሕመሙ ሴሮቶኒን ሲንድረም ይባላል። ሴሮቶኒን በአንጎልና በአንጀት ውስጥ መልእክት የሚያስተላልፍ ንጥረ ነገር ነው። እሱን የሚጨምሩ ሁለት መድኃኒቶች ሲገናኙ፣ ወይም የአንዱ መጠን ሲበዛ፣ ከልክ ያልፋል። ብዙውን ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ ይጀምራል። የሚያረጋግጠው የደም ምርመራ የለም፤ የሚታወቀው በመጠየቅና አካልን በመመርመር ነው።

ስለዚህ በየቦታው ሌላ በሽታ መስሎ ያመልጣል። ጤና ጣቢያ ወባ ይመስላል፤ ድንገተኛ ክፍል የጭንቀት ሕመም ይመስላል። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ የሚታከምባት ሴት ሊነዞሊድ ከድብርት መድኃኒቷ ጋር ሊጋጭባት ይችላል። ትልልቅ ሆስፒታሎችም አያመልጣቸውም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1984 ኒውዮርክ ውስጥ ሊቢ ዛየን የተባለች የ18 ዓመት ወጣት፣ ፌነልዚን የተባለ የድብርት መድኃኒት እየወሰደች ሳለ ፔቲዲን ተሰጥቷት በሰዓታት ውስጥ አረፈች። ብዙ ሐኪሞች ሞቷን ከሁለቱ መድኃኒቶች መገናኘት ጋር ያያይዙታል።

የእኛ እህት ተርፋለች። ሁለቱም መድኃኒቶች ቆሙ፣ ግሉኮስ ተተከለላት፣ ዳያዜፓም ተሰጣት፤ በማግስቱ መንቀጥቀጡ ለቀቃት። በኋላም ሐኪሟ የድብርት መድኃኒቷን አስጀምሯታል፤ ትራማዶልን ግን እንዳትወስድ ተነግሯታል።

እህቶቻችን፣ ሊገድላት የነበረው መድኃኒቱ ብቻ አይደለም። የእኛ ሐሜትም አለበት። እኛን ባትፈራ ኖሮ ለክሊኒኩም ባልደበቀች ነበር። ስለዚህ እንዲህ ተስማምተናል፦ እያንዳንዳችን የምንወስደውን መድኃኒት ሁሉ፣ የሳልና የሕመም ማስታገሻውንም ጨምሮ፣ በትንሽ ደብተር ጽፈን እንይዛለን። ባይጠይቁንም እናሳያለን። ማንም ሐኪም ሳያማክር መድኃኒቱን በራሱ አያቁም፤ ድንገት ማቆምም ይጎዳል። አዲስ መድኃኒት ከጀመርን በኋላ መንቀጥቀጥ፣ ላብና መቁነጥነጥ አብረው ከመጡ ሳናድር ሆስፒታል እንሄዳለን።

ደብተሮቹን የገዛነው ደጋፊዎቻችን በሰጣችሁን ገንዘብ ነው።