ስለ ሰው ቁመትና ስለ መኪና ቤት



«እግርህን በፍራሽህ ልክ ዘርጋ» የሚለውን ምሳሌ የማያውቅ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። አባቶቻችን ይህን የተናገሩት ስለ ገንዘብና ስለ አቅም ነበር። እኔ ግን በዚህ ምሽት ስለ እውነተኛው እግርና ስለ እውነተኛው ፍራሽ ልናገር ተነሥቻለሁ። ይኸውም ጀርመኖች ቮንሞቢል፥ አሜሪካኖች ሞተርሆም ብለው የሚጠሩት፥ እኛም ለዛሬው ንግግራችን የመኪና ቤት ልንለው የምንችለው፥ አልጋና ምድጃ መጸዳጃም ጭምር የተሠራበት መኪና ነው።

«ይህ ለእኛ ምን ይረባናል?» ብሎ የሚጠይቅ አድማጭ ቢኖር አልፈርድበትም። ይሁን እንጂ በባሕር ማዶ ከሚኖሩት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን መካከል እንዲህ ያለውን መኪና ተከራይተው ወይም ገዝተው የዕረፍት ጊዜያቸውን በመንገድ የሚያሳልፉ አሉ። ዋጋው የብዙ ዓመት ቁጠባ የሚያሟጥጥ ስለ ሆነ በምርጫው ላይ የተፈጸመ ስሕተት በቀላሉ አይታረምም። ጀርመን አገር የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ይህን በገዛ ገንዘቡ ተምሮታል፤ ታሪኩን እንድናገርም ፈቅዶልኛል፤ ስሙን ግን እንዳልጠራ አደራ ብሎኛል።

ወንድሜ ቁመቱ 1 ሜትር ከ94 ሳንቲ ሜትር ነው። ልጆች ሳለን ወደ አያታችን ቤት ሲገባ ጎንበስ ማለት እየረሳ ከጉበኑ ጋር ብዙ ጊዜ ተጋጭቷል፤ በግንባሩ ላይም ለዚህ ምስክር የሆነ ጠባሳ አለ። ባለቤቱ ደግሞ 1 ሜትር ከ57 ናት። ሁለቱ ለዓመታት ባጠራቀሙት ገንዘብ አንድ ያገለገለ የመኪና ቤት ሊገዙ ሄዱ። ሻጩ ወንበሮቹን አዙሮ አስቀመጣቸው፤ ቡናም ጋበዛቸው። ወንድሜ አንገቱን ሰበር አድርጎ ቆሞ ዙሪያውን ሲመለከት አይቶ «በዚህ ውስጥ የሚቆም ማን ነው? የሚቀመጡበትና የሚተኙበት ነው እንጂ» አለው። ወንድሜም አመነውና ፈረመ።

ያ መኪና የተሠራው በፊያት ዱካቶ ላይ ነበር። ዱካቶ በአውሮፓ ለመኪና ቤት ሥራ እጅግ የተለመደ የዕቃ መኪና ነው፤ በአሜሪካም ራም ፕሮማስተር በሚባል ስም ይሸጣል። በሦስት ዓይነት የጣራ ከፍታ የሚሠራ ሲሆን የውስጡ ከፍታ በዝቅተኛው 1 ሜትር ከ66፥ በመካከለኛው 1 ሜትር ከ93፥ በከፍተኛው 2 ሜትር ከ17 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ይህ ልክ መኪናው ባዶውን ሳለ የተለካ ነው። ቤት ሠሪው ብርድ የሚከላከለውን ነገር በጣራውና በወለሉ ሲያለብስ፥ በዚያም ላይ ሳንቃ ሲደርብበት ጥቂት ሳንቲ ሜትሮች ይጠፋሉ። ስለዚህ በወረቀት ላይ ከወንድሜ ቁመት በአንድ ሳንቲ ሜትር ብቻ ያነሰው ጣራ በእውነቱ በአራትና በአምስት ያነሰ ሆኖ ተገኘ።

አራትና አምስት ሳንቲ ሜትር ፀሐይ በወጣበት ቀን እውነትም ምንም አይደለችም፤ ሰው ውጭ ይውላልና። ኖርዌይ አገር ለሦስት ቀን ሳያባራ ሲዘንብባቸው ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። በጉዞው ላይ ወጥ የሚሠራው እርሱ ነበረ (ይህን በመናገሬ እንደማይቀየመኝ ተስፋ አለኝ)፤ ሽንኩርቱንም የሚከትፈው አገጩን ደረቱ ላይ አስደግፎ ነበር። በአራተኛው ቀን አንገቱን ወደ ግራ ማዞር ተሳነው።

ከዚህ የባሰው ሌሊቱ ነው። የዱካቶ ወርድ በውስጥ በኩል ሲለካ በሰፊው ቦታ 1 ሜትር ከ87 ያህል ነው። ቦታ ለመቆጠብ ሲባል በብዙዎቹ መኪናዎች አልጋው ከኋላ በኩል በወርዱ ይጋደማል፤ የግድግዳው ሽፋን ደግሞ ከዚሁ ላይ ይቀንሳል። ወንድሜ ቀጥ ብሎ መተኛት ስላልቻለ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሰያፍ ተዘረጋ፤ ለባለቤቱ የቀረላት ባለ ሦስት ማዕዘን ጥግ ብቻ ነበር። «ሦስት ሳምንት እንደ ድመት ተጠቅልዬ አደርሁ» ትላለች። እግሩ የሚነካው ግድግዳም ከውጭ በብርድ የቀዘቀዘ ስለ ነበረ የሁለቱ እስትንፋስ በላዩ ላይ ውሃ እየሆነ ብርድ ልብሱን ያርሰው ነበር።

በዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው አንድ ነገር አለ። የተኛ ሰው ከቆመ ሰው ይረዝማል። በጀርባው ሲተኛ የእግሩ ጣት ወደ ፊት ይዘረጋል፤ ራሱም ትራስ ይፈልጋል። ስለዚህ የአልጋው ርዝመት ከባለቤቱ ቁመት ቢያንስ በ10 ሳንቲ ሜትር ካልበለጠ እንቅልፉ ሙሉ አይሆንም። ይህን የሚያውቁ አንዳንድ ሠሪዎች በአልጋው አኳያ የሚገኘውን የመኪናውን ጎን ወደ ውጭ አሳብጠው ጥቂት ሳንቲ ሜትር ያተርፋሉ። ከውጭ ሲታይ ጉንጩን በቆሎ የሞላ ልጅ ያስመስለዋል፤ ለረጅም ሰው ግን የሚናቅ ትርፍ አይደለም።

ሌላው መንገድ አልጋውን በመኪናው ርዝመት መዘርጋት ነው። ሁለት አልጋዎች ግራና ቀኝ ይደረጋሉ፤ እያንዳንዳቸውም ወደ 2 ሜትር ሊደርሱ ይችላሉ። ዋጋው ግን በመኪናው ርዝመት ይከፈላል። ዱካቶ በአንዱ ልክ 5 ሜትር ከ41፥ በረጅሙ ደግሞ 6 ሜትር ከ36 ነው። ረጅሙ መኪና በጠባብ ከተማ ማቆሚያ አያገኝም፤ ባሕር የሚያሻግረው መርከብም ብዙ ጊዜ የሚያስከፍለው በርዝመት እየለካ ነው። ፈረንሳዊ አልጋ የሚባለውም አለ፤ መተላለፊያ እንዲገኝ አንደኛው ማዕዘኑ ተቆርጦ የተሠራ ነው። በተቆረጠው በኩል የሚተኛው ከሁለቱ አጭሩ ሊሆን ይገባል፤ ይህንንም ባልና ሚስት ከመግዛታቸው በፊት ቢነጋገሩበት ይሻላል።

ጣራውን ከፍ ማድረግስ? እርሱም ያለ ዕዳ አይገኝም። መካከለኛው የዱካቶ ጣራ ከመሬት 2 ሜትር ከ52፥ ከፍተኛው 2 ሜትር ከ76 ያህል ነው፤ በነፋስ ጊዜ ከፍተኛው ይበልጥ ይወዛወዛል። በአውሮፓ ከተሞች ብዙ የመኪና ማቆሚያዎች በመግቢያቸው ላይ ዝቅ ያለ ብረት ስላለባቸው ሁለቱንም አያስገቡም። ከ1951 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር) ጀምሮ የፎልክስዋገንን አነስተኛ አውቶቡስ ወደ ቤትነት ይለውጥ የነበረው ቬስትፋሊያ በኋላ ዘመን ያስፋፋው ብልሃት የሚከፈት ጣራ ነው። ሲሄዱ ይዘጋል፤ ሲቆሙ ወደ ላይ ይነሣና ረጅሙ ሰው ቀጥ ብሎ ይቆማል። ቮልክስዋገን ራሱ የሠራው ካሊፎርኒያ የተባለው መኪና ጣራው ተዘግቶ ሳለ ቁመቱ 1 ሜትር ከ99 ገደማ ስለ ነበረ በብዙው በር ያልፋል። ሆኖም የተከፈተው ጣራ ግድግዳው ሸራ ነው፤ በክረምት ለሚጓዝ ሰው ብርዱን አያቆምለትም።

ይህ የቁመት ጉዳይ የትናንት ነገር እንዳይመስላችሁ። ዋሊ ባያም የተባለው አሜሪካዊ በመኪና የሚጎተቱ ቤቶችን መሥራት ሲጀምር ካሰበባቸው ነገሮች አንዱ ሰው በውስጡ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ማስቻል ነበር፤ ስለዚህም ወለሉን በጎማዎቹ መካከል ዝቅ፥ ጣራውን ከፍ አደረገው። ኤርስትሪም የሚባለው እንደ ብር የሚያብረቀርቅ ቤት የእርሱ ሥራ ነው። ይኸው ሰው በ1959 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር) ከኬፕ ታውን ተነሥቶ እስከ ካይሮ የሄደውን የእነዚህን ቤቶች ጓዝ መርቶ አገራችንን አቋርጦ አልፏል።

ወደ ወንድሜ ልመለስ። የመጀመሪያውን መኪና በኪሳራ ሸጠው ሁለተኛውን ሲገዙ በዚህ ጊዜ የተጎዳችው ባለቤቱ ሆነች። ጣራው ከፍ ያለ፥ አልጋዎቹም ረጃጅም ነበሩ፤ ነገር ግን ከአልጋዎቹ በታች ለብስክሌትና ለዕቃ የሚሆን ሰፊ ክፍል ስለ ነበረ በሌሊት ለመውረድ ሦስት እርከን ባለው መሰላል መውረድ ነበረባት። የላይኛውን ቁም ሣጥን ብትንጠራራም አትደርስበትም። ከሁሉ ያስቸገራት የፊቱ ወንበር ነው። ወንበሩ ወደ ኋላ እንዲዞር ሲባል በሥሩ የሚገባው ብረት መቀመጫውን በጥቂት ሳንቲ ሜትር ከፍ ያደርገዋል፤ እግሯም ወለሉን ሳይነካ ተንጠልጥሎ 600 ኪሎ ሜትር ሲሄዱ ጭኗ ደነዘዘ። ያው ወንበር ወንድሜንም አልማረውም፤ ዓይኑ ከመስታወቱ የላይኛው ጠርዝ ጋር ስለ ተካከለ የትራፊክ መብራት ለማየት አንገቱን ይሰብር ነበር። ረጅሙንም አጭሯንም በአንድ ጊዜ ያስቀየመ ወንበር ይህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

መፍትሔው ቀላል ሆኖ ተገኘ፤ የወንበሩ ሥር በአጭር ተለወጠ፤ ለእርሷም ከእንጨት የእግር ማሳረፊያ ተሠራላት። ከባድ ድስቶች ወደ ታች ወረዱ፤ ላይ ያለው ቁም ሣጥን የወንድሜ ልብስ ማስቀመጫ ሆነ።

እንግዲህ እንዲህ ያለ መኪና ለመግዛት የሚያስብ ወገን ካለ፥ ወንድሜ ለእርሱ ያለው ምክር ይህ ነው። የሻጩን መጽሔት አትመኑ፤ የራሳችሁን ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። ጫማችሁን አውልቃችሁ ሁለታችሁም በአንድነት አልጋው ላይ ተኙ፤ ሻጩ ቢስቅም ይሳቅ። መታጠቢያው ውስጥ ገብታችሁ በሩን ዝጉ፤ ወለሉ ብዙ ጊዜ ከፍ ያለ ስለ ሆነ በሌላው ክፍል የሚበቃው ጣራ እዚያ ላይበቃ ይችላል። መጸዳጃው ላይ ተቀምጣችሁም ጉልበታችሁ በሩን መንካት አለመንካቱን እዩ። የሚቻል ከሆነ ያንኑ ዓይነት መኪና ለአንድ ሳምንት ተከራዩ፤ ያም ሳምንት ዝናብ ያለበት ቢሆን ይመረጣል።

የወንድሜና የባለቤቱ የመጨረሻ ክርክር ስለ አልጋው ከፍታ ነበር። እርሷ ያለ መሰላል መውረድ እፈልጋለሁ አለች፤ እርሱ ዕቃውን የት እናድርገው አለ። አናጢ ጠርተው አልጋዎቹን በ12 ሳንቲ ሜትር ዝቅ አስደረጉ፤ መሰላሉም ወደ አንድ እርከን ወረደ። ብስክሌቶቹ ግን ከዚያ ወዲህ ከታች ያለው ክፍል ስለማይበቃቸው ከመኪናው ኋላ በውጭ ተንጠልጥለው ዝናብ ይመታቸዋል።