ከመናገር በፊት መስማት፤ ለጀማሪ ራዲዮ ሠሪ የዕቃ አመራረጥ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በራዲዮ ክበብ ስም የተደረገ ንግግር)



 በጠረጴዛው ላይ ከምታዩዋቸው ሁለት ጣውላዎች አንደኛው የራዲዮ ማስተላለፊያ፣ ሁለተኛው መቀበያ ነው። ሁለቱንም የሠራነው በገዛ እጃችን ነው። ዛሬ የምንናገረው ግን ከሥራው በፊት ስለሚመጣው ነገር፣ ይኸውም ስለ ዕቃ አመራረጥ ነው። እኛ መጀመሪያ የወደቅነው በብየዳ ሳይሆን በግዢ ነበርና።

ባለፈው ዓመት ክበባችን ሲጀመር ከየኪሳችን አዋጣን። ከአባሎቻችን የአንዱ እናትም እንጀራ ሸጠው ካጠራቀሙት ላይ ቀንሰው ሰጡን። ገንዘቡን ይዘን መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ወረድን። ከአሮጌ ራዲዮና ቴሌቪዥን የተፈታ ዕቃ ተከምሮ ባየን ጊዜ ሁሉም አማረን፤ ሳንጠይቅም ገዛን። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ፣ ከገዛነው ውስጥ ግማሹ እንኳ አልሠራልንም።

ስሕተታችን ሦስት ነበር። መጀመሪያ፣ ለማስተላለፊያው ትልቁን ትራንዚስተር መረጥን። 2ኤን3055 የሚባለው ይህ ትራንዚስተር ብረት ለበስና ግዙፍ ስለሆነ ኃይለኛ መሰለን። በእርግጥም ኃይለኛ ነው፤ ነገር ግን የተሠራው ለድምፅ ማጉያና ለኃይል ማስተካከያ ነው። እኛ የፈለግነው ሞገድ በሴኮንድ 7 ሚሊዮን ጊዜ ይርገበገባል፤ ይህ ትራንዚስተር ግን በሴኮንድ 2.5 ሚሊዮን አካባቢ ሲደርስ ማጉላቱን ያቆማል። ከባቄላ ፍሬ የማይበልጠው 2ኤን2222 ግን ከ200 ሚሊዮን በላይ ይሄዳል። ለጀማሪ ማስተላለፊያ የሚበቃው እርሱ ነው።

ሁለተኛ፣ «104» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ካፓሲተር 104 ፒኮፋራድ ነው ብለን ገዛን። አነባበቡ ግን እንደዚያ አይደለም። ሁለቱ ቁጥሮች እንዳሉ ይጻፋሉ፤ ሦስተኛው ቁጥር ስንት ዜሮ እንደሚጨመር ይናገራል። ስለዚህ 104 ማለት 100,000 ፒኮፋራድ ነው። እኛ የሚያስፈልገን 100 ፒኮፋራድ ስለ ነበረ መግዛት የነበረብን «101» የሚለውን ነው። በሺህ እጥፍ ተሳሳትን ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ከተበላሸ የቀለም ቴሌቪዥን ላይ ክሪስታል ፈትተን «ያለ ዋጋ አገኘን» ብለን ደስ አለን። ክሪስታል የማስተላለፊያው ልብ ነው፤ በየትኛው ሞገድ እንደሚናገር የሚወስነው እርሱ ነው። በእኛ ክሪስታል ላይ የተጻፈው ግን 4.433 ሜጋኸርዝ ነበር። ይህ በፓል ሥርዓት ለሚሠራ ቴሌቪዥን ቀለም የተመደበ ቁጥር እንጂ የአማተር ራዲዮ ሞገድ አይደለም። ባለማወቅ ብናስተላልፍበት ኖሮ በሌላ ሰው ሞገድ ላይ እንጮህ ነበር።

ወደ እናታችን ተመልሰን ሒሳቡን ሳንደብቅ ነገርናቸው። እሳቸውም ሳይቆጡ፣ «ልጆቼ፣ እኔ ጤፍ ስገዛ በከረጢቱ ማማር አልገዛም፤ ዘግኜ አያለሁ» አሉን። ይህ ቃል ለክበባችን ደንብ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ዕቃ ከመግዛታችን በፊት ሦስት ጥያቄ እንጠይቃለን፤ ሥራው ምንድን ነው? ልኩ ስንት ነው? በላዩ ላይ የተጻፈው ምን ይላል?

አሁን ወደ ምርጫው እንግባ። ምክራችን መቀበያው ይቅደም የሚል ነው፤ ሕፃን ልጅም አስቀድሞ ይሰማል እንጂ አይናገርም። ከሁሉ የሚቀለው መቀበያ ያለ ባትሪ የሚሠራው ነው፤ በአቅራቢያ ጠንካራ የመካከለኛ ሞገድ ጣቢያ ባለበት ቦታ ያገለግላል። ለዚህ የሚያስፈልገው ጥቅል ሽቦ፣ ተለዋዋጭ ካፓሲተር፣ ዳዮድ፣ የጆሮ ማዳመጫ፣ አንቴናና ከምድር ጋር የተያያዘ ሽቦ ነው። 7.5 ሳንቲሜትር ወርድ ባለው ደረቅ ቱቦ ላይ ግማሽ ሚሊሜትር ውፍረት ያለውን ልባስ ያለው የመዳብ ሽቦ 50 ጊዜ ያህል መጠምጠም ነው። ካፓሲተሩ ከአሮጌ ራዲዮ የሚገኘው 365 ፒኮፋራድ ያህል የሆነው ይስማማል።

በዳዮዱ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በየሱቁ የሚገኘው የሲሊኮን ዳዮድ ከ0.6 ቮልት በታች በሩን አይከፍትም፤ ከአየር የሚመጣው ምልክት ደግሞ ከዚህ በጣም ያነሰ ነው። ስለዚህ በ0.2 ቮልት አካባቢ የሚከፍተውን የጀርማኒየም ዳዮድ፣ ለምሳሌ 1ኤን34ኤን፣ መፈለግ ይገባል። የጆሮ ማዳመጫውም እንዲሁ ነው። የስልክ ማዳመጫ 16 ወይም 32 ኦም ብቻ ስለሆነ ደካማውን ምልክት ውጦ ዝም ያሰኘዋል፤ 2,000 ኦም ያለው ወይም የክሪስታል ማዳመጫ ነው የሚያስፈልገው።

በጠረጴዛው ላይ ያለው መቀበያችን ግን ከዚህ አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ነው። ለእርሱና ለማስተላለፊያው 7.030 ሜጋኸርዝ የተጻፈባቸውን ሁለት ክሪስታሎች ባንድነት ገዛን። ይህ ቁጥር ለአማተር ራዲዮ በዓለም አቀፍ ስምምነት በተመደበው ከ7.000 እስከ 7.200 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል ውስጥ ነው። መቀበያው በውስጡ የራሱን ሞገድ ይፈጥርና ከሚመጣው ሞገድ ጋር ያነጻጽራል። በሁለቱ መካከል 700 ኸርዝ ያህል ልዩነት እንዲኖር በትንሽ ተለዋዋጭ ካፓሲተር ስናስተካክለው፣ ያ ልዩነት እንደ ፉጨት ሆኖ ይሰማል። ፉጨቱን የሚያጎላው ኤልኤም386 የተባለው ርካሽ ዕቃ ሲሆን በአንድ ባለ 9 ቮልት ባትሪ ይሠራል።

ለማስተላለፊያው ደግሞ ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚተዋቸው ሁለት ዕቃዎች አሉ። አንደኛው ማጣሪያ ነው። ማስተላለፊያ በ7.030 ብቻ ሳይሆን በእጥፉ በ14.060፣ በሦስት እጥፉም በ21.090 ይጮሃል፤ ይህን ትርፍ ጩኸት የሚያስቀረው ከጥቅል ሽቦና ከካፓሲተር የሚሠራው ማጣሪያ ነው። ሁለተኛው በአንቴና ፋንታ ለሙከራ የሚገባው ጭነት ነው፤ ሁለት ባለ 100 ኦም ሬዚስተሮች ጎን ለጎን ሲታሠሩ 50 ኦም ይሆናሉ። የመብራት ኃይልን ግን አንነካም። ሥራችን ሁሉ በባትሪ ነው። አንቴና የሚዘረጋም ከኤሌክትሪክ መስመር ያርቀው፤ መብረቅ ሲያጉረመርምም ከመሣሪያው ይንቀለው።

በመካከላችን ክርክር ያስነሣውን ጉዳይም አንሸሽግም። አንዳንዶቻችን፣ «ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ትንሽ የኤፍ ኤም ማስተላለፊያ ሠርተን ለሰፈሩ ሙዚቃ እናሰማ» አልን። ነገሩ ጣፋጭ ነበር። መጽሐፍ ገልጠን ስናይ ግን ኤፍ ኤም የሚያበቃው በ108 ሜጋኸርዝ ላይ ነው፤ ከዚያ በላይ እስከ 137 ድረስ ያለው የአውሮፕላን መምሪያና መነጋገሪያ ነው። ክሪስታል የሌለው ማስተላለፊያ ደግሞ ሲሞቅ ከቦታው ይንሸራተታል። ቦሌ የሚያርፈው አውሮፕላን በቤታችን አናት ላይ ያልፋል። በውስጡ ያሉት ሰዎች የእኛን ጨዋታ ዋጋ እንዲከፍሉ አንፈቅድም ብለን ሐሳቡን ተውነው።

በአገራችን የራዲዮ ሞገድን የሚቆጣጠረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። መስማት ማንንም አያስቸግርም፤ አንቴና ሰቅሎ ማስተላለፍ ግን ፈቃድና የጥሪ ስም ይጠይቃል። ስለዚህ ማስተላለፊያችን እስከ ዛሬ በሬዚስተሮቹ ላይ እንጂ በአንቴና ላይ አልሠራም። ፈቃዱን ስናገኝ 20 ሜትር ያህል ሽቦ እንዘረጋለን፤ እስከዚያው የሞርስን ፊደል እናጠናለን።

ማርኮኒ እ.ኤ.አ. በ1901 ዓ.ም. አትላንቲክን ተሻግሮ ደረሰኝ ያለው ምልክት ሦስት ነጥብ ነበር። እኛም ባለፈው ወር በቤተ ሙከራው ጠረጴዛ ላይ ማስተላለፊያውን ሦስት ጊዜ ነካ ነካ አደረግነው። ኃይሉ ከአንድ ዋት ያነሰ፣ መንገዱም አንድ ክንድ ነበር። ከመቀበያው ግን ሦስት አጫጭር ፉጨት ሰማን። በመጀመሪያ ማዳመጫውን በጆሯቸው ያደረጉት እንጀራ የሚሸጡት እናታችን ናቸው። ጥቂት ዝም ብለው ከሰሙ በኋላ፣ «አሁን ዘግናችሁ ገዝታችኋል» አሉን።

ወላጆች ሆይ፤ ልጆቻችሁ የተሰበረ ራዲዮ ይዘው ቢመጡ አትጣሉባቸው፤ ምን እንደ ተጻፈበት ግን ጠይቋቸው። ታናናሾቻችን ሆይ፤ እኛ በዚህ ዓመት እንሰናበታለን፤ ጣውላዎቹንና የስሕተታችንን መዝገብ ለእናንተ ትተናል። መዝገቡን አንብባችሁ ከዚያ ጀምሩ እንጂ የእኛን ስሕተት በሌላ እናት ገንዘብ አትድገሙት።